ከብስክሌቱ ላይ ያወረድኩት ከረጢት

ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ለሚስቴማ እንዴት ብዬ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቆቦ ላይ ደብዳቤ አመላላሽ ነበርኩ። ብስክሌቴ ከኋላዋ ሰፊ የዕቃ መጫኛ ብረት ነበራት፤ የደብዳቤ ከረጢቱን እዚያ ላይ በጎማ ጠፍሬ ጎረቤት ከተማ ጎብዬ አደርሳለሁ። ጎብዬ ላይ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ደሴ ለነርስነት ተፈትና ጥሪ ትጠብቃለች። ባየችኝ ቁጥር "መጣልኝ?" ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከጣልኩባት ቆይቻለሁ።

አንድ የገበያ ዕለት ከረጢቴን ጭኜ ከቆቦ ስወጣ፣ በዚያ ሐሩር በእግሯ ስትመለስ ደረስኩባት።

"ዛሬስ መጣልኝ?"

ከረጢቱን ከፍቼ እንኳ አላየሁ። "ቢመጣ ዝም እልሽ ነበር? ይልቅ ነይ ውጪ" አልኳት። የት ትቀመጥ? ከረጢቱን አውርጄ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት አስቀመጥኩና እሷን ጫንኩ። እንዲህ ያለ ቅሌታም ነበርኩ። ጎብዬ እስክንደርስ ስንስቅ ሄድን።

ስመለስ ጎማዬ ተነፈሰ። እየገፋሁ ስደርስ ሻይ ቤቷ ተቆልፋለች። ማግሥቱን ሙሉ ጎማ ሳስለጥፍ ዋልኩ፤ በእግሬ ልሂድ እንኳ አላልኩም። በሦስተኛው ቀን ከረጢቱን ከሻይ ቤቷ ወስጄ ስፈታ የሷ ፖስታ ከላይ ነበር። እየበረርኩ ወሰድኩላት። ከፍታ አነበበችና መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ምዝገባው ትናንት አብቅቷል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ከደሴ ዘግይቶ ነው የመጣ" አልኳት። ይባስ ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። "አንተ ምን ታደርግ" አለች።

በዓመቱ ተጋባን። "ደብዳቤዬ ባይዘገይ ይሄን ሰውዬ መች አገባው ነበር" እያለች ሰው ፊት ታሾፍብኛለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የጎረቤት ልጅ ሲታመም የምትጠራው እሷ ናት። ግንባሩን ስትዳስስ፣ ጨርቅ ስትነክር ሳያት አፍራለሁ፤ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ።

አምና ልጃችን ደሴ ለጤና ኮሌጅ ተጠራች። ሚስቴ ደስ ብሏት ያንን አሮጌ ደብዳቤ ከሻንጣ አውጥታ አሳየቻት። ፖስታው ላይ ቆቦ የገባበት ቀን ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ልጄ ከውስጡ ካለው ቀን ጋር አስተያየችው።

"እማዬ፣ ምዝገባው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው እኮ ቆቦ ገብቷል" አለች።

እኔ ወለሉን አያለሁ። ሚስቴ ፖስታውን ከእጇ ተቀብላ ቀስ ብላ አጠፈችው።

"አውቃለሁ" አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። "ነገ ደሴ የማደርስሽ እኔ ነኝ። አባትሽ እዚሁ ይቆይ።"