በሞተር የሄድንበት ሽምግልና

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከዳይሬክተራችን ጋር ልንታረቅ መቱ ከተማ፣ ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ ቤት ቀጠሮ ነበረን...

የተጣላነው በስፖርት ነው። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሰውዬው ቦርጬን እያየ «የስፖርት መምህር ስለሌለን አንተ ትሸፍናለህ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሰላምታ እስከማቆም ተኮራረፍን። በመጨረሻ «ሽማግሌ የፈረደውን እቀበላለሁ» ሲል ደስ አለኝ። ሽማግሌ ቦርጬን አይቶ ይፈርድልኛል ብዬ ነበር።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ከምናስተምርበት ከኖፓ የሚወጣ መኪና ጠፋ። ያለው የዳይሬክተሩ ሞተር ብቻ ነው። አጠገቤ አቆመና ሳያየኝ «ተፈናጠጥ» አለኝ። ያኮረፍከውን ሰው ወገቡን አቅፈህ መንገድ ስትሄድ... አይድረስባችሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንሸራተተንና ሁለታችንም ቦይ ውስጥ ገባን። ቀና ስል ከፊቱ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ሳቅኩ። እሱም እኔን አይቶ ሳቀ። ሞተሩን ተጋግዘን ስናወጣ «ስፖርቱን ተወው፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ኦቦ ገመቹ በር ላይ ሲያዩን ደነገጡ። የሱ የሸሚዝ ኪስ ተገንጥሏል፣ የኔ ከንፈር አብጧል።

«ማሎ ልጆቼ፣ አስተማሪዎች ሆናችሁ መንገድ ላይ ትደባደባላችሁ?»

«ኧረ ወድቀን ነው አባባ» አልን ሁለታችንም እኩል።

«ተመካክረው ነው የመጡት» አሉ ከኋላቸው የቆሙት ሌላው ሽማግሌ። «ቀድሞ የመታው ማነው?»

«ማንም አልመታም» አለ ዳይሬክተሩ። «እሱ ከኋላ ወገቤን ጭምቅ ሲያደርገኝ ነው ሚዛን የሳትነው።»

«እኔ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ቁልቁለት ላይ የሚያበሩት?»

«ይኸው፣ እውነቱ ወጣ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

እስከ ምሳ ስንካሰስ ቆየን። እሱ ቀስ ብሎ እንዲነዳ፣ እኔ ደግሞ ወገቡን ትቼ የሞተሩን ብረት እንድይዝ ተፈረደ። ተሳሳምን፣ ተመረቅን። ስፖርቱን ላነሳ አፌን ስከፍት «ከምርቃት በኋላ ክስ የለም» ብለው አስቀመጡኝ።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ፊሽካ አስቀመጠ።

«መንገድ ላይ ስፖርቱን ተወው አላሉኝም እንዴ?» አልኩት።

«እኔ የምቀበለው ሽማግሌ የፈረደውን ነው» አለ ኮስተር ብሎ። «ስለ ስፖርት ያሉት ነገር ትዝ ይልሃል?»

ይኸው ይህን የምጽፍላችሁ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሜዳ ዳር ቁጭ ብዬ ነው... ልጆቹ እየሮጡ ነው፣ እኔ ደክሞኛል።