የአባባ አየር

የልብ ሐኪሙ አማቴን ፓምፕ እንዳይነኩ ሲከለክላቸው የእኔ መከራ ተጀመረ። አባባ ኦክላንድ ውስጥ ስንት ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ ሲወጡ፣ እኩዮቻቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲውሉ፣ እሳቸው የኢላማ ተኩስ ክበብ ገቡ። ጠመንጃቸው የሚተኩሰው በታመቀ አየር ነው፤ አየሩን ሳን ሊያንድሮ ባለው ጋራዣቸው ቆመው በእጅ ፓምፕ ይሞሉ ነበር። የብስክሌት ጎማ መንፋት እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ሞክሬ ወገቤን ይዤ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ «ወይ የታመቀ አየር የሚይዝ ሲሊንደር ግዛላቸው፣ ወይ ጠመንጃውን ደብቀው። ፓምፕ ላይ ወድቀው እንዳላገኛቸው» አለችኝ።

ሲሊንደር መግዛት ቀላል መስሎኝ! ሳን ሆዜ ከአንድ ባሕር ጠላቂ ያገለገለ ገዛሁ። እዚያው ሳን ሆዜ ለጠላቂዎች አየር የሚሞላ ዳይቭ ሾፕ ስወስደው የሱቁ ልጅ ገና ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የሚይዘው ግፊት ለጠመንጃው አይበቃም፤ ቫልቩም የድሮ ዓይነት ነው፣ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ፈልግ አለኝ። ሸጥኩትና የተባልኩትን ገዝቼ አስሞላሁ። አሁን ደግሞ ሲሊንደሩን ከጠመንጃው የሚያገናኘው አዳፕተር ቀረ። ኦንላይን ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም ለሁሉም ይሆናል ይላሉ። የመጣልኝ አዳፕተር ጥርሱ አጭር ነው፤ እስከ መጨረሻ ጠምዝዤው እንኳ ቫልቩ ውስጥ ካለው መቀመጫ አይደርስም። ስከፍተው ያን ያህል የለፋሁበት አየር እያፏጨ ወጣ። ሪተርን አድርጌ ረጅሙን አዘዝኩ። እሱ ቫልቩ ላይ ልክ ሲገባ፣ ከእሱ ወደ ጠመንጃው የሚሄደው ቱቦ ጫፍ ጠመንጃው ላይ እምቢ አለ። ናላዬ ዞረ።

አባባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ትንሽ ጎማ ጠቅልልበት እንጂ። ቡታጋዝ ሲተነፍስ እንደዚያ አይደል የምናደርገው?»

«አባባ፣ ይሄ ቡታጋዝ አይደለም። ከተፈናጠረ ጣት ይዞ ይሄዳል።»

«እሺ፣ አትቆጣ። ሥራ አስፈታሁህ ብዬ እኮ ነው።»

አልተቆጣሁም አልኳቸው። ደሜ ፈልቶ ነበር። ከሚልፒታስ ከሥራ ወጥቼ፣ ያንን ትራፊክ ችዬ የምመጣው ለአንዲት ብረት ነው።

በመጨረሻ ትክክለኛው ቱቦ መጣ። ቫልቩን ቀስ ብዬ ስከፍት ምንም ድምፅ የለም፤ የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ ብቻ ከፍ አለች። አባባ ግንባሬን ሳሙኝ። ሲሊንደሩን ሳን ሆዜ ወስጄ እንደገና ጢም አድርጌ አስሞላሁላቸውና «ሲያልቅ ኮል ያድርጉልኝ፣ እኔ አስሞላዋለሁ» አልኳቸው።

አልደወሉም። እኔ ስደውል «ገና ሙሉ ነው፣ አታስብ» ይሉኛል። በየሳምንቱ ክበብ ይሄዳሉ፣ ሲሊንደሩ አያልቅም። እኔ ሞኙ ጥሩ ዕቃ መርጬ ነው እያልኩ ለባለቤቴ ጉራዬን እነዛለሁ።

አንድ ቀን ሳልነግራቸው ሄድኩ። የጋራዡ በር ክፍት ነው። አባባ በርጩማው ላይ ናቸው፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ፓምፑ እግራቸው መሃል ቆሟል። መጀመሪያ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ። ከዚያ ሄጄ ቫልቩን ከፍቼ ጌጁን ቼክ አደረግኩ። መርፌዋ ያስሞላሁ ቀን ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ባለቀ ቁጥር ከሥራ ላስቀርህ?» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ልጆች አሉህ፣ ድካም አለብህ። ትንሽ ትንሽ ብነፋ ምን አለበት ብዬ ነው።»

«እዚህ ወድቀው ቢገኙ ልጅዎን ምን ልበላት?»

በንዴት ቫልቩን ዘግቼ አዳፕተሩን ፈታሁና መልሼ ከፈትኩት። አየሩ እየጮኸ ሲወጣ «ምን ነካህ አንተ!» እያሉ ብድግ አሉ። ጸጥ እስኪል ድረስ አልዘጋሁትም።

«ይኸው አለቀ» አልኳቸው። «ቅዳሜ አብረን ሄደን እናስሞላለን። ፓምፑን እኔ እወስደዋለሁ።»

ፓምፑን መኪናው ውስጥ ከትቼ ሞተር ሳስነሳ፣ አባባ መጥተው መስኮቱን አንኳኩ። ዝቅ አደረግኩላቸው።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?» አሉኝ።