አፕዴት የበላት ማመልከቻ

ከሥላሴ እስከ ቸርችል ጎዳና ታች ድረስ እንደ እኔ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የለም። ይህን የምለው በትሕትና ነው፤ ትሕትናውን ብተወው እስከ ናዝሬት እዘልቅ ነበር። ፒያሳ፣ ደረጃ ሥር ባለችው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው አንድ እግሩን ውጭ በሚተውባት ክፍሌ ያስጻፈ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀርም ይባላል። ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬ አፕዴት መጥቷል፣ ልጫን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ በአክብሮት የጠየቀኝ ስለሌለ እሺ አልኩት። ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ በኳስ ጉዳይ ከሰው ተጣልቼና ታርቄ ስመለስ ስክሪኑ እንደ ሙሽራ ቤት ተጠርጓል። መጻፊያው ፕሮግራም የለም። ሠንጠረዥ መሥሪያው የለም። የአማርኛ መተየቢያውም አብሯቸው ሄዷል። የቀረልኝ የአየር ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከፊል ደመናማ ይላል።

እሱን እያነበብኩ እሪ በከንቱ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ ደረሱ። ግቢያቸው የውሃ ቆጣሪ እንዲገባላቸው ሁለት ዓመት ጠብቀው ተራቸው ደርሷል። ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ካላስገቡ ግን ተራው ለሌላ ያልፋል፤ እሳቸውም በሰባ ዓመታቸው ጀሪካን መጎተታቸውን ይቀጥላሉ።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን አንጀት የምትበላዋን ጻፍልኝ» አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

«እትዬ፣ ማሽኑን ትንሽ አሞታል።»

የኮምፒውተሩን ሳጥን እንደ ክርስትና ሕፃን ታቅፌ ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ፤ እትዬ ከኋላዬ። ኮምፒውተር የምትጠግነው ወዳጄ ከፍታ አየችው።

«ምን ነክተህ ነው?»

«ምንም።»

«እሺ የሚለውን ነክተሃል።»

«እሱንማ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት።»

«የአራዳ ልጅ ነኝ ትላለህ፣ ያገኘኸውን ሁሉ እሺ ትላለህ። አዲሱ አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች አላወቃቸውም፤ አውጥቶ ጣላቸው።»

በነፃ የሚገኝ ሌላ መጻፊያና መተየቢያ ጫነችልኝ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ፋይሎቼ አልጠፉም ነበር። «ማመልከቻ» የሚለውን ስከፍት ግን ዶሮ የጫረችው አመድ መሰለ። የተጻፈበት የድሮ የአማርኛ ፎንት አብሮ ስለጠፋ ገጹ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኗል።

«ይህን ፎንት ፈልጌ የማገኘው ነገ ነው» አለችኝ። «አንድ ገጽ አይደለች እንዴ? አዲስ ጻፋት።»

«አዎ፣ ጻፋት» አሉ እትዬ ወንበር ስበው።

ቁልፎቹን አየኋቸው። ቁልፎቹም አዩኝ። ላብ በጀርባዬ እንደ ቀበና ወንዝ ወረደ።

«ምነው?» አሉ እትዬ።

«ቃል እየመረጥኩ ነው።»

ግማሽ ሰዓት መረጥኩ። እትዬ ሰዓት ጠይቀው ለስምንት ሩብ ጉዳይ መሆኑን ሲሰሙ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«በል እኔ ልናገር፣ አንተ ምታው። ሰባ ዓመቴ ነው። ውሃ የምቀዳው ከሰው ቤት ነው። ጉልበቴ ደክሟል። አሁን ተራዬ ስለደረሰ ቆጣሪው ይግባልኝ። ጨርሻለሁ።»

«አንጀት የሚበላውስ?»

«ጉልበቴን አልነገርኩህም እንዴ?»

በሁለት ጣት ፊደል በፊደል እያደንኩ መታሁት። ጠጋኟ ሳቋን ለማፈን ማስቲካዋን ሁለት ጊዜ ልትውጥ ደርሳ ነበር። አትማ ሰጠችን፤ በታክሲ በረን ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ውሃ መሥሪያ ቤት ደረስን። የተቀበለቻቸው ሠራተኛ አንዴ አንብባ ማኅተም መታችበት።

ስንወጣ እትዬ መረቁኝና፣ «ግን አንተን ምን እንደዚያ አላበህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አንጀት የምትበላዋን ማመልከቻ የጻፉት ከእኔ በፊት ክፍሏን የተከራዩት ሰውዬ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ትተዋት ሄዱ። እኔ ለአሥራ ስምንት ዓመት ስሙን፣ ቀኑንና ጉዳዩን ብቻ እየቀየርኩ ሳትማት ኖሬአለሁ። ከባዶ ገጽ ተነስቼ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም።