የቶማስ ሃርት ሌላ ስም

ሰርካዲስ ሂሊያርድ ከተማ ውስጥ፣ ሚስተር ሊዮን የሚባሉ አዛውንት ቤት፣ በሆም ኬር አስታማሚነት ትሠራ ነበር። ኮሮና በገባበት ዓመት ልጃቸው እንኳ የምትጠይቃቸው በመስኮት በኩል ስለነበር፣ ቤቱ ለሁለቱ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን የካልሲ መሳቢያቸውን ስታስተካክል በጨርቅ የተጠቀለለ የብር ሜዳሊያ አገኘች። መሐሉ ላይ ሻሽ ያሰረች ንግሥት አለች፤ ዙሪያዋን ፊደል ከፊደል ተራርቆ የተቀረጸ ቃል። ሰርካዲስ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። አቢሲኒያ ይላል።

«ሚስተር ሊዮን፣ ይሄ የማን ነው?»

«የአያቴ፣ የቶማስ ሃርት። እዚህ በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የተሸለመው ነው ይሉን ነበር።»

«ይሄ እኮ የኛ አገር ነው። ፈረንጅ ድሮ እንዲህ ነበር የሚጠራን።»

ገለበጠችው። ጀርባው ላይ «ቲ. ጋርሳይድ፣ 33ኛ ሬጅመንት» የሚል የወታደር ስምና ክፍል ተጽፏል። ሃርት የሚባል ስም የለበትም።

«እንግዲያው አያቴ ከሰው ላይ ሰርቆታል» አሉ ሚስተር ሊዮን። ልጃቸው ኮል ስታደርግ ነገሯት፤ የሞተ ሰው ምን ያደርግልሃል፣ ተወው አለች። እሳቸው ግን ምሳ በቀረበ ቁጥር ጋርሳይድ ማን ይሆን ማለት ጀመሩ።

«ስሙ ብር ላይ ተቀርጾ እያለ የት ይሄዳል? እንፈልገዋለን» አለች ሰርካዲስ።

ዲቪ ደርሷት ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ሠርታለች። እዚያም ፋይል ጠፋ ሲባል እልህ ይይዛት ነበር። አሁንም እሳቸው ሸለብ ባደረጋቸው ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ትቀመጣለች። እንግሊዞች ያስቀመጡት የሜዳሊያ መዝገብ ውስጥ አገኘችው፦ ቶማስ ጋርሳይድ፣ ተራ ወታደር፣ በፈረንጅ 1868 መቅደላ የዘመተ። ከዚያ በኋላ ግን ድምጹ ጠፋ። ጡረታ ከወጡት ውስጥ ፈለገች፣ ከሞቱት ፈለገች፣ ከተሰናበቱት ፈለገች። የትም ሲታጣ፣ ሰውየው ራሱ ጠፍቶ ይሆናል ብላ አሰበች።

በቀጣዩ ዓመት ላይብረሪ ሲከፈት፣ እዚያ የምትሠራ ሴት የእንግሊዝ ፖሊስ የከዱ ወታደሮችን በጋዜጣ ያወጣ እንደነበር ነገረቻት። ሰርካዲስ በየዕረፍት ቀኗ እየሄደች ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ተያያዘችው። ዓይኗ እያለቀሰ አነበበች። በመጨረሻ፣ ቶማስ ጋርሳይድ፣ የዮርክሻየር ልጅ፣ ድንጋይ ፈላጭ፣ የግራ እጁ ሌባ ጣት ቆራጣ የሆነ፣ የሚል አገኘች።

ለሚስተር ሊዮን ስታነብላቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

«አባቴ ልጅ ሆኖ መንገድ የሚሻገረው የአባቱን ጎዶሎ ጣት ይዞ ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ ያወራልኝ ነበር።»

«ቢሆንም አይበቃም። ድንጋይ ሲፈልጥ ጣቱን ያጣ ስንት ሰው አለ። የልደቱን መዝገብ ላስመጣ።»

መዝገቡን ከእንግሊዝ አዘዘች። በኮሮናው ምክንያት ቢሮዎቹ ሥራ ተደራርቦባቸው ነበርና ጠበቀች። ኖርዝላንድ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያኗ ከአምልኮ በኋላ ነገሩን ያነሳችላቸው እትዬ እናናዬ ደስ አላላቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ መቅደላን ሊያቃጥል ለመጣ ሰው ነው እንዲህ የምትደክሚው?»

ሰርካዲስ ሳታስበው ቀርታ አይደለም። የልጅ ልጁን፣ የሚስተር ሊዮንን ጀርባ እያጠበች ስንት ጊዜ አስባዋለች። አንዳንድ ቀን ፎጣውን ጥላ መሄድ ያምራታል።

«እትዬ፣ ይቅር ለማለትም እኮ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ» አለቻቸው።

መዝገቡ በኢሜይል መጣ። አባት፣ ጋርሳይድ። እናት ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም፣ ሃርት። ቶማስ ከሠራዊቱ ሲጠፋ የእናቱን ስም ይዞ ኖሯል።

ሚስተር ሊዮን ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። «ጀግና አልነበረም ማለት ነው።»

«አልነበረም» አለች ሰርካዲስ። «አገራችን ድረስ መጥቶ ተኩሷል። ኋላ ከድቶ እዚህ መጣና፣ እርስዎ እንደነገሩኝ፣ ሳዮቶ ወንዝ ዳር፣ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሲሠራ ኖረ። ያገኘሁት ይሄን ነው፤ ሌላ አልጨምርልዎትም።»

«እንዳትጨምሪ» አሉ። ወረቀቱን እያጠፉ፣ «ሌባ አለመሆኑም አንድ ነገር ነው» አሉ።

በፈረንጅ 2022 ጸደይ የአያታቸውን የመቃብር ድንጋይ አስለወጡ። ሁለቱንም ስሞች አስጻፉ፤ የዘመተበትን አገር ለመጻፍ ግን ሰርካዲስን ጠየቋት። ቀን ወስዳ አሰበችበት።

«ይጻፍ። ግን ኢትዮጵያ ተብሎ።»

ልጃቸውም መጣች። ሚስተር ሊዮን ዊልቼራቸው ላይ ጎንበስ ብለው ፊደሎቹን ዳሰሱ፤ ሃርት የሚለው ጠበብ ብሏል ብለው በጠራቢው ላይ አጉረመረሙ። ሲመለሱ ሣሩ ዝናብ ስለጠጣ ጎማው ሰመጠ። ሰርካዲስ በአንድ በኩል፣ ልጃቸው በሌላ በኩል ይዘው እየገፉ መኪናው ድረስ አደረሷቸው።