ከሰማያዊው አበባ ጀርባ

ሆቴሉ መቶ ዓመት ሞላው ብለው የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። አነበብኩት፤ ደሜ ፈላ። የትኛው ጄኔራል የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ የትኛው ልዑል ስንት ሻንጣ አስከትሎ እንደመጣ፣ ሌላው ቀርቶ የአንዲት ባለጸጋ ውሻ የትኛው ምንጣፍ ላይ እንደተኛ ተጽፏል። የአክስቴ ስም ግን ለምልክት እንኳ የለም።

አክስቴ በዚያ ሆቴል ምድር ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት አንሶላ አጥባለች፣ ተኩሳለች። ጣቶቿ ከመላላጣቸው የተነሣ መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ማሽኑ አላነብ አላት። ጸሐፊው "እማማ፣ አሻራዎ የት ሄደ?" ቢላት "እንግዶች ተኝተውበታል" አለችው። እሷ እንዲህ ቀልደኛ ናት። እኔ አይደለሁም።

በበዓሉ ዕለት ይዣት ሄድኩ። አዳራሹ መሀል፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ጥጉ ላይ ሰማያዊ አበባ የተጠለፈበት አንሶላ ተዘርግቷል። "ዝነኛዋ ዘፋኝ የተኛችበት፤ ጥልፉ ከባሕር ማዶ የመጣ የባለሙያ እጅ ሥራ" ይላል ጽሑፉ።

"ውይ፣ የኔ አበባ!" አለች አክስቴ። "ሴትዮዋ ሲጋራዋን ይዛ እንቅልፍ ጥሏት አቃጥላው ነበር እኮ። ያኔ አንሶላ ከተበላሸ ጥፋቱ የአጣቢዋ ነው። ብባረር አንቺን ማን ያሳድግልኛል? በምሳ ሰዓቴ ጠልፌ ሸፈንኩት።"

ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁት። ከረባቱን እያስተካከለ መጣ።

"ልጄ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም" አለችው። "ያንን ባሕር ማዶ የሚለውን ሰርዝና የኔን ስም ጻፍልኝ።"

"ማስረጃ አለዎት እማማ?"

"ገልብጠው።"

ሣጥኑን አስከፍቶ አንሶላውን ገለበጠው። ከአበባው ጀርባ አውራ ጣት የሚያህል ቃጠሎ አለ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ "እስከዛሬ የተቃጠለ አንሶላ ነው እንዴ ስናሳይ የኖርነው?" ብሎ ጠቅልሎ እጇ ላይ ጣለው። "ይውሰዱት በቃ።" ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው!

በትልቁ በር እንውጣ ብላት እምቢ አለች። እግሯ የለመደው የሠራተኞቹን የፍተሻ በር ነው። እዚያ ደግሞ መውጫ ወረቀት ሳይያዝ መሐረብ እንኳ አይወጣም። ተመልሼ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ሳይል "ሙሉ ስሟን ንገሪኝ" አለኝ። እኔ ሞኟ ልቤ ዘለለ፤ እስከ አያቷ ድረስ ቀስ ብዬ አስጻፍኩት። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ፤ እኔም ሳልከፍተው ሮጬ ለጥበቃው አቀበልኩት።

ጥበቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። "የተበላሸ አንሶላ፣ ብዛት አንድ። ያበላሸው ሠራተኛ ስም..." አለና ከወረቀቱ ቀና ብሎ አክስቴን አያት። ያውቃታል፤ አሥር ዓመት ቦርሳዋን ፈትሿል። ወረቀቱን ነጥቄ ልቀደው እጄን ሰነዘርኩ።

አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተዪው እስኪ" አለች። "አንብበው እንጂ አንተ! ስሜን እኮ ነው የጻፉት።"