በእሱ ስም አምስት ኪሎ ሜትር

ባለቤቴ ከሞተ በሰባተኛው ወር ስልኩ ላይ መልእክት ገባ። ስልኩን ቻርጅ እያደረገች የምታቆየው ልጄ ናት፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አጅማን፣ አል ጁርፍ ያለው ቤታችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማስኬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"እማ፣ ሩጫው ሊካሄድ ነው!"

የወላጅና የልጅ ሩጫ ነው፤ ዱባይ፣ ባሕር ዳር፣ አምስት ኪሎ ሜትር። አባትና ልጅ ተመዝግበው፣ ጫማ ገዝተው ቀኑን ሲጠብቁ ኮሮና ገባና ሁሉም ነገር ሲዘጋ ሩጫውም ላልታወቀ ጊዜ ተላለፈ። በሰኔ እሱ ታመመ። ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም።

ደንቡ አጭር ነው። ልጁ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች መሆን አለበት፤ አንድ አዋቂ አብሮት ይሮጣል፤ የመጨረሻውን መስመር ጎን ለጎን ካላለፉ ለሁለቱም አይቆጠርም። ሩጫው በመጋቢት ነው። ልጄ በሚያዝያ አሥራ ሁለት ይሞላታል። ይህ ካመለጣት ሌላ የለም።

"ከማን ጋር ልትሮጪ ነው?" አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ጥቁር ልብሴን፣ ቀኑን ሙሉ አል ሪጋ ባለው ሆቴል የክፍል ማስያዣ ጠረጴዛ ሥር ተጣጥፈው የሚውሉትን እግሮቼን አየች።

"ሌላ ማን አለ?" አለች።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሮጥኩ ከተባለ የሮጥኩት ሮላ አውቶቡስ ጣቢያ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው። ግን እሺ አልኩ። ማታ ልጄ ስትተኛ የሯጩን ስም ለመቀየር መልእክቱን ከፈትኩ። "ምክንያትዎን ይግለጹ" የሚል ባዶ ሣጥን መጣ። ብዙ ሰዓት ሳየው ቆየሁና ዘጋሁት።

በነጋታው አሠልጣኜ ሥራ ጀመረች። ልጄ የምትማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊደል ያስቆጠራት አባቷ ነው፤ ያውም እየሮጡ። በአንድ ትንፋሽ አንድ መስመር። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። መስመሩን ሳትጨርሺ ትንፋሽሽ ካለቀ ፈጥነሻል ማለት ነው፣ ቀንሺ። ሌላ ሰው ልቡን በሰዓት ይለካል፤ እነሱ የሚለኩት በፊደል ነበር። አጅማን ኮርኒሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እኔም እንደ አዲስ ተማሪ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን "ሁ" ላይ ቀረሁ።

"እማ፣ አያቴ እንኳ 'ሆ' ትደርስ ነበር።"

"አያትሽ ትምጣና ትሩጥልሽ!"

ቅልጥሜ ታመመ። ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፤ ልጄ በአድናቆት አየችው። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ቀን ማለዳ እስከ "መ" መስመር ሳላቋርጥ ደረስኩ፤ እንዴት እንደ ጮኽን! ዓሣ አጥማጁ ዞሮ አየን። ለካ ሰውነት ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ ደስ ሊለው ይችላል። አፍሬ ዙሪያዬን አየሁ፤ የታዘበኝ ሐበሻ አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ።

ሐኪሙ ያየኝ በስልክ ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር በስልክ ነበር። "አትንኪው። በረዶ ያዢበት፣ በፋሻ እሰሪው፣ ከፍ አድርገሽ ተኚ" አለኝ። እኔ ግን እግሩ ወለም ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ወጌሻ ፈለግሁ።

ወጌሻዬ የወሎ ሴት ናት፤ ስምንት ዓመት አንድ ማዳም ቤት ሠርታ ከወጣች በኋላ በየቤቱ በሰዓት ታጸዳለች። ከአምስት ሴቶች ጋር ሻርጃ፣ ሮላ ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ ተከራይታ ትኖራለች። አባቷ በአገሩ የታወቀ ወጌሻ ነበር፤ ሻርጃ ውስጥ እጁ፣ ጀርባው፣ ጉልበቱ የታመመ ሁሉ እሷ አልጋ ላይ ነው የሚጮኸው። ግንባሬን በመዳፏ ነክታ ሙቀቴን ለካች፤ ማስኩን እንዳደርግ አዘዘችኝና የጥቁር አዝሙድ ዘይት አወጣች።

"ያላ፣ እግርሽን ወዲህ በይ።"

"እትዬ፣ ሐኪሙ አትንኪው ብሎኛል።"

"በስልክ አይቶት? ዋላሂ፣ የዘንድሮ ሐኪም! እግር በስልክ ይታያል?"

ከላይኛው አልጋ አንዲት ሴት አንገቷን አወጣች። "አይዞሽ እህቴ፣ እሷ ካሸችሽ ወይ በማግስቱ ትሮጫለሽ፣ ወይ እስከ መቼውም አትሮጪም!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ ሳለ እትዬ እግሬን ጎተተችው። የጮኽኩት ጩኸት ሮላ አደባባይ ሳይሰማ አይቀርም።

"ኸላስ! በቃ፣ ገባ!" አለች፤ ላቧን እየጠረገች።

"ምኑ ነው የገባው?"

"የወጣው ነዋ!"

የወጣ ነገር አልነበረም። በማግስቱ እግሬ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ጫማ አልገባ አለ። ሩጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጄ እግሬን አየች፤ ቀን ቆጠረች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ በረዶ የሆነ የአተር ከረጢት አመጣችና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጣለችው።

"ሃያ ደቂቃ። እንዳትነኪው። ማንም እንዳይነካው።"

አሥራ አንድ ቀን አልሮጥኩም። እሷ የሕንጻው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብቻዋን ትዞራለች፤ እኔ ወንበር ላይ እግሬን ሰቅዬ አያታለሁ። ባጠገቤ ባለፈች ቁጥር እግሬን እንጂ ፊቴን አታይም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መራመድ ጀመርኩ፤ ከዚያ ትንሽ ዱብ ዱብ። እብጠቱ ወረደ። አተሩን ግን ከዚያ በኋላ ማንም አልበላው።

ሩጫው አራት ቀን ሲቀረው ፖስታ መጣ። ሰው እንዳይሰበሰብ ብለው የደረት ቁጥሩን በየቤቱ ያደርሱ ነበር። ልጄ ሁለቱን አልጋ ላይ ዘረጋቻቸው። በአንዱ ላይ ከቁጥሩ በላይ፣ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የባለቤቴ ስም ተጽፏል።

እሱ ከሞተ ወዲህ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም። ለቅሶ የተደረስኩት በስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ ሰው ይጠነቀቃል። "የልጅሽ አባት" ይላሉ፤ "ነፍሱን ይማረው" ይላሉ። እኔ "እሱ" እል ነበር። ልጄ ምንም አትልም ነበር።

"ስሙን አልቀየርሽውም?" አለችኝ።

"ረሳሁት።"

እንደዋሸሁ ገብቷታል። "ጥሩ አደረግሽ" አለችና ወረቀቱን በእጇ አስተካከለችው።

ዓርብ ነበር፤ ማለዳ። ሙቀታችንን ለኩን፤ አስፋልቱ ላይ በተሠሉ ክቦች ውስጥ ተራርቀን ቆምን፤ ማስክ የሚወልቀው ልክ ሲነሱ ነው። አንድ አስተናጋጅ ወጣት ከየት እንደመጣን ጠየቀን።

"ከኢትዮጵያ" አለች ልጄ።

"ኢትዮጵያ!" አጨበጨበ። ባልደረባውን ጠራ። ባልደረባውም አጨበጨበ። ከነበርንበት ከኋላው ቡድን አንሥተው ከመጀመሪያው ቡድን ፊት አቆሙን። አንድ ቀጭን ሰው ከነልጁ በአክብሮት ወደ ኋላ አለልን።

"እማ፣ ንገሪያቸው እንጂ!"

"ምን ብዬ?"

"ቀርፋፋ ነን ብለሽ!"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ያየናል። አገር ሙሉ እግሬ ላይ የቆመ መሰለኝና አፌን ዘጋሁ። ማንም የሌላ አገር ሰው እንዲህ አይቸገርም።

ሲለቁን በረርን። ቀጭኑ ሰውዬ ከኋላችን እየተነፈሰ ነው፤ እንዴት ይቀነሳል? "ሀ" ብዬ "ሁ" ለማለት ትንፋሽ አጣሁ። ልጄ እጄን ጎተተች፤ "ቀንሺ! ፊደሉ!" ስትለኝ ነው ያ ድምፅ የመጣው። የውኃ ጠረጴዛ ጋ የቆመች ወጣት ደረቴን አንብባ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ የባለቤቴን ስም ጠራች።

መጀመሪያውን ውጣ፣ መጨረሻውን ጎትታ ጠራችው። ግን የእሱ ስም ነው። ልጄ ዞራ አየችኝ፤ ዓይኗ ሊወጣ ነው።

"አንድ!" አለች።

ከዚያ በየመታጠፊያው አስተናጋጆቹ ደረቴን እያዩ ጠሩት። አንዱ ሲያጠብቀው ሌላው ሲያላላው፣ ሁሉም ሲያበላሹት፣ "በርታ!" እያሉ። ሴትዮ እንደሆንኩ ማንም ግድ አልሰጠው። "አራት! አምስት!" ልጄ እየሳቀች ትቆጥራለች። እኔም እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩ፣ ፊደሉን ሁሉ እያጣሁ እሮጣለሁ። እንዲህ ሕያው ሆኜ አላውቅም።

ሦስተኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፍን ቁርጭምጭሚቴ ወጋኝ። ቆምኩ። ልጄም ቆመች። ቀጭኑ ሰውዬ ከነልጁ አለፈን፤ ዞሮ ግራ በመጋባት አየን። መንገድ ዳር ተቀምጬ ጫማዬን ፈታሁ፣ ፋሻውን እንደገና አጥብቄ አሰርኩ። ትንሽ አብጧል።

"ቢያምሽ ይቅር" አለች። ዓይኗ ግን የሚያልፉንን ይከተላል።

"አንቺ ሂጂ። ሩጪና ግቢ።"

"ብቻዬን ብገባ አይቆጠርም።" ጎንበስ ብላ የጫማዬን ማሰሪያ አሰረችልኝ። "ቢቆጠርም አልሄድም።"

ተነሣሁ። "እንራመድ" አልኩ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ለ ሉ ሊ። ሁለታችንም በአንድ ድምፅ፣ ቀስ ብለን። "ቀ" ስንደርስ ዱብ ዱብ ማለት ቻልኩ፤ ከአንድ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው እየሮጥን፣ በመሐል እየተራመድን። ከኋላ የተነሡት ሁሉ አለፉን። ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበረች።

የመጨረሻው መስመር ሲታይ በድምፅ ማጉያው የሚያስተዋውቀው ሰውዬ የልጄን ስም ጠራ፣ ከዚያ የአባቷን። እንደ ሌሎቹ አበላሸው። ለመስመሩ ሁለት እርምጃ ሲቀረን ልጄ እጄን ይዛ ቀጥ አለች።

"እንደዚያ አይደለም!" ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸችበት። "እንዲህ ነው የሚባለው!" እና ጠራችው። እሱ ራሱ በር ላይ ቆሞ እንደሚሰማት፣ ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ።

ሰውዬው ሳቀና ደገመው፤ አሁን በትክክል። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን።

ሜዳሊያ የሚያጠልቅ ሰው አልነበረም፤ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፣ ሁሉም የራሱን ያነሣል። ቤት ስንደርስ እትዬ ደወለች።

"ስንተኛ ወጣችሁ?"

"እንጃ፣ እትዬ። ከኋላ ነን።"

"ሐበሻ ሆናችሁ? አታፍሩም እንዴ! እግርሽስ?"

"አብጧል።"

"ያላ፣ አሁኑኑ ነይ፣ እሽት ላድርገው።"

"ኸላስ!" ብላ ልጄ ከጎኔ ጮኸችባት። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅላ አተሩን አስቀመጠችበትና ሃያ ደቂቃ ያዘች።

"ስንት ጊዜ ጠሩት?" አልኳት።

"ሃያ ሦስት። እኔ ስጨመር ሃያ አራት።"

አተሩ ቁርጭምጭሚቴን እያደነዘዘው ነበር። ስሙን እኔም ጠራሁት።

"ሃያ አምስት" አለች።