የተናኘ ዱባ በኮኮናት

ተናኘ ፉሪ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ሁለት ክፍል ቤት የጾም ምግብ ትሸጣለች። በሩ ላይ ስም እንኳ አልለጠፈችም፤ ያም ሆኖ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር የሚገኘው በወረፋ ነው። እኔ በፍቃዱ እባላለሁ፣ የላዳ ሹፌር ነኝ። ድስቶቿን ለደንበኛ የማደርስላት እኔ ስለሆንኩ፣ የእሷን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ሌላው ወርቅ ይዞ ሲመለስ እሷ ይዛ የመጣችው ሙያ ነው። አሠሪዋ ክርስቲያን ነበረችና በጾማቸው ወቅት ደበርጃን በሽምብራ ታሠራት ነበር። እዚያው ፎቅ ላይ የሴኔጋልና የስሪላንካ ሴቶች ይሠሩ ስለነበር፣ እሁድ ሲገናኙ አንዷ የኦቾሎኒ ወጥ፣ ሌላዋ ዱባ በኮኮናት ወተት አስተማሯት። "ለካ ዓለም ሁሉ የጾም ምግብ ያውቃል!" ብላ የተገረመችበትን ቀን እስካሁን አውርታ አትጠግብም። እኔ ራሴ ጾም ላይ እንደ ነገሩ ነኝ፤ ግን የእሷን ኦቾሎኒ ወጥ ከቀመስኩ ወዲህ ሁዳዴ ሲመጣ ፊቴ አይጠቁርም።

አብራት የምትሠራው መርዋ ሙስሊም ናት። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለተገጣጠሙ ተናኘ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ መርዋ ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል በአፋቸው አይዞርም። ሁለት ወጥ ሠሪዎች ሆነው የሠሩትን የምትቀምስ የለችም። የጨውን ልክ የሚያውቁት በማሽተት ብቻ ነው፤ ደግሞም አይሳሳቱም።

በዚህ መሃል ጎፋ የሚኖሩት ወይዘሮ አምሳለ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሳቸውና ለሃያ አራት ሰው አራት ድስት ምግብ አዘዙ። እንዲህ በቀላሉ አዘዙ እንዳትሉ። ሦስት ቀን እየተመላለሱ፣ ድስት እየከፈቱ፣ "ይኼ ውስጥ ምን ገባ? ያኛውስ?" ብለው ልቧን አውልቀዋታል።

"የባዕድ አገር ምግብ ነው ማኅበርተኛ ፊት የማቀርበው። ጾም የሚያስፈታ ነገር እንዳይኖርበት፣ አደራሽን!" አሏት።

"በእኔ ይጣሉት እማማ" አለች ተናኘ።

የማኅበሩ ሴቶች ከመሰከሩላት ጎፋና ላፍቶ በሙሉ ከእሷ ይገዛል። ካሟት ደግሞ የጾም ምግብ ብላ የምታቀርበውን ማን ያምናታል? ቤቷን መዝጋት ነው የሚቀራት።

ሁልጊዜ የኮኮናቱን ፍሬ ፈቅፍቃ ጨምቃ ነበር የምትሠራው። በዚያ ሳምንት ግን ፍሬው መርካቶም ጠፋ፤ ጠዋት ከሱቅ የኮኮናት ወተት ዱቄት ገዛች። ፓኬቱ ላይ የኮኮናት ሥዕል አለ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ሰባት ሰዓት ላይ አራቱን ድስት ጭኜ አደረስኩና ተመለስኩ።

መርዋ የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባውን ታነባለች። የአሳማ ነገር እንዳይኖርበት ከልጅነቷ የለመደችው ነው። ያን ቀን ግን ሥራ በዝቶባት ፓኬቱን ያነሳችው ልትጥለው ስትል ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ማኅበርተኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላሉ።

"ተናኘ፣" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይኼ ወተት አለበት። የላም ወተት።"

ተናኘ ፓኬቱን ተቀብላ አየችው። በደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ጥግ ላይ፣ አለ። ለወይዘሮ አምሳለ ስልክ ደወለች፤ ጸሎት ላይ ናቸው መሰለኝ የሚያነሳ ጠፋ። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ መጥታ መኪናዬ ውስጥ ገባች።

ላፍቶ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። እኔም ክፉ ምክር መከርኳት፤ አልዋሽም።

"ስሚ፣ ማን ያውቃል? በኮኮናት ውስጥ የገባ ወተት በምላስ አይለይም። ዝም ብትዪስ?"

"በፍቃዱ፣ ወይ ንዳ ወይ አውርደኝ!"

ነዳሁ። በውስጥ ለውስጥ፣ በኮብልስቶኑ፣ ላዳዬ እስክትንገጫገጭ ነዳሁ።

ስንደርስ ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ማዕዱን ባርከዋል። ወይዘሮ አምሳለ ጭልፋውን ይዘው ዱባው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ተናኘ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ዘላ ገባች።

"ዱባውን እንዳትቀምሱት! ወተት ገብቶበታል። ሳላይ የገዛሁት ዱቄት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፣ እሱን ግን እንዳትነኩት።"

አንዲት ሴት "ድሮስ የባዕድ ምግብ!" ብላ ስታጉረመርም ሰማሁ። አለቀላት አልኩ በሆዴ።

ወይዘሮ አምሳለ ጭልፋውን አስቀመጡ። ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ ወደ ቄሱ ዞሩ።

"አባታችን፣ እኔም የምናገረው አለኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በሁዳዴ፣ እዚሁ ቤት፣ ለእነዚህ ሴቶች ሽሮ አቅርቤ ነበር። ለአራሷ ልጄ ደግሞ በሌላ ድስት ቅቤ ያለበት ሠርቼላት ነበር። ልጄ 'እማዬ፣ የኔው ቅቤ የለውም' ስትለኝ ነው ድስቶቹን እንዳቀያየርኩ የገባኝ። እነሱ በልተው ጨርሰዋል። አፍሬ ዝም አልኩ። ለእርስዎም ሳልናዘዝ ይኸው እስከ ዛሬ።"

ቄሱም፣ "የበሉት ሳያውቁ ነው። አንቺ ግን ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው? እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ።

ያቺው ያጉረመረመችው ሴት በመሃል፣ "ለዚህ ነው ለካ ሁለቴ ያስጨመርኩት!" ብላ ስትጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በር ላይ ቆሜ እንደ ሞኝ ሳቅሁ፤ እንዲያ ቀለል ብሎኝ አያውቅም። የዱባው ድስት ለመርዋ ቤት ማፍጠሪያ እንዲሆን ተወሰነና ወደ መኪናዬ ወሰድኩት።

ስመለስ ወይዘሮ አምሳለ ተናኘን አጠገባቸው አስቀምጠዋታል። ዕንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ከኦቾሎኒው ወጥ ጠቅልለው፣ ከሰው ሁሉ አስቀድመው አጎረሷት።

"ብዪ ልጄ፣" አሉ፣ "አንቺ ባትመጪ ይኼን ነገር እንደያዝኩት እሞት ነበር።"